ለምን ጥለውን እንደሚሄዱ ይንገሩን

ጥቅምት 28

ለፍንጭት፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት ቀን ካቻቢቴዬን ቤት ረስቼ ፋብሪካ ገብቻለሁ፤ በሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ጠጋኝነቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ስልኬን እንደማታነሺ ስለጻፍሽልኝ እኔም በወረቀት እመልሳለሁ። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ መልሱም አንድ ቃል ነው። አይደለሁም። «ጽኑ ልብ» የሚባለው ሰው እኔ አይደለሁም። «ሁለት ወንበር» በሚሉት የትዳር ፈላጊዎች ድረ ገጽ ላይ ስምሽን አላየሁም፣ ላንቺም አልጻፍኩም፣ በሌላ ሰው ፎቶ ተከልዬ የሟች ሚስቴን እህት አላሽኮረመምኩም። ይህን የምጽፈው በኀፍረት አይደለም፣ በንዴት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ እህትሽ እጅሽን ይዛ ቤታችን ካስገባችሽ ቀን ጀምሮ ታውቂኛለሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ሳደርግ አይተሽ ነው ለዚህ ያጨሽኝ?

አሁን ደግሞ የሚከብደው። አትመሽ የላክሽልኝን ወረቀት አነበብኩት። ቃሉ የኔ ነው።

«ባለቤቴ ድምፅዋ ከጠፋ በኋላ በማንኪያ ብርጭቆ እየመታች ትጠራኝ ነበር። አንዴ ከሆነ ውሃ፣ ሁለቴ ከሆነ ና፣ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ሁለቴ ስትመታ አንድም ቀን ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም።»

የማንኪያውን ነገር ከኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዷ አፈር ገብታለች። ስለዚህ «ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም» ማለት ነበረብኝ። እፈርድብሻለሁ።

ቃሉን ጽፌው ነበር፣ ላንቺ ግን አይደለም። ለማን እንደጻፍኩት አሁን አልነግርሽም፤ መጀመሪያ ማጣራት ያለብኝ አለ። እስከዚያው ለዚያ ሰው አንድ መሥመር እንዳትጨምሪለት።

የእህትሽ ባል


ኅዳር 6

ጋሼ ልልህ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። «እርስዎ» ማለቱም እንደዚያው። ስለዚህ እንደ መንገደኛ ታገሠኝ።

«ቃሉ የኔ ነው፣ የላክሁት ግን እኔ አይደለሁም» ትለኛለህ። ይኼ ምን የሚሉት መልስ ነው? ሆስፒታል ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ «ካርዱ የኔ ነው፣ በሽታው ግን የኔ አይደለም» ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሰክሮ ነበር።

ስድስት ወር ጻፍኩለት። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የማነበው። እያንዳንዱን መልእክት ለመክፈት እንደሚያስከፍል አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የከፈልኩት፣ በሱ ላይ ስብከት አልፈልግም። ስለ ማንኪያው የጻፈልኝ ባለፈው መስከረም ነው። ሳነበው ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ አንተ መሆንህ አልነበረም። እንደኛ ያለ ቤት ሌላም ቦታ አለ፣ እንደሷ ማንኪያ የመታች ሴት ሌላም አለች፣ ይህን ሰው እግዚአብሔር ነው የላከልኝ ብዬ ነበር። ሞኝ። በዚያው ቀን ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር ነገርኩት። ላንተ እንኳ። በተለይ ላንተ።

ማሰብ የጀመርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ሁለት ብርጭቆ መቺ፣ ሁለት ውሃ፣ ሁለት «ዝም ብለህ ተቀመጥ» በአንድ ዓለም ላይ የለም። ጠርጥረኸኝ ኖሯል። አፍ አውጥተህ መጠየቁ ከብዶህ፣ ሌላ ሰው ሆነህ፣ በእህቴ ማንኪያ ወጥመድ ዘርግተህ አናዘዝከኝ። ከሆነ አሁን ሁሉንም ታውቃለህ፣ እኔም ከእንግዲህ ዓይንህን አላይም። ካልሆነ ደግሞ የማላውቀው ሰው ምስጢሬን ይዞታል። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም። የትኛው እንደሆነ ግን ንገረኝ።

ፍንጭትም አትበለኝ። ያን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት።


ኅዳር 12

ለባለቤቴ እህት፣

ጤና ይስጥልኝ። አንተ ብለሽኛል፤ በሃያ አራት ዓመት የመጀመሪያሽ ነው። እሱን አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት «አናዘዝከኝ» ባልሽው ነው። እኔ ሰው ማናዘዝ አላውቅም፤ የራሴንም ገና አልጨረስኩ።

የደበቅሁትን ልንገርሽ። እኔም እዚያው ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቤ ነበር። ይኸው ወጣ። ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ እህትሽ ካረፈች ሦስት ዓመት በሞላት ሰሞን። ሚስት ፍለጋ አልነበረም ብልሽ ትስቂብኛለሽ፣ ውሸትም ይሆናል። ከሥራ ስገባ «ዛሬ ቆየህ» የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። ይህን በጸሎት ለመጠየቅ አፍሬ ስልክ ጠየቅሁ።

«ሦስት ቀን በነጻ ይሞክሩ» ይላል። ነጻ ከሆነ የባንክ ካርድ ቁጥር ምን ያደርግላችኋል ስል «ዕድሜዎን ለማረጋገጥ ብቻ» አለኝ። ፎቶ ሳላስገባ፣ ስሜን እንኳ ጽፌ ሳልጨርስ አሥራ ሰባት ሴቶች ወደዱኝ። እኔን። ያለ ፎቶ። እህትሽ ብትሰማ ሆዷን ይዛ መሬት ትቀመጥ ነበር። መልእክታቸው ጭጋግ ለብሶ ይመጣል፣ ጭጋጉን ለመግፈፍ ክፈል ይላል። ከፈልኩ። ከጭጋጉ ሥር «ሰላም ውዴ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ?» የሚል ወጣ። አምስቱ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቃል ጠየቁኝ። እኔ የጠየቅኳቸውን አንዷም አልመለሰች፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ ጥያቄ አለ፤ እንድመልስ፣ ለመመለስም እንድከፍል።

መኪና ክር ሲተበትብ አይተሻል። ከላይ ስፌቱ ያምራል፤ ጨርቁን ስትገለብጪው ነው ጉዱን የምታዪው። ገልብጬ አየሁና ልውጣ አልኩ። መውጫ የለም። «ሰርዝ» የሚለውን ቃል የግድግዳውን ቀለም ቀብተው ጥግ ደብቀውታል። አገኘሁት። «እርግጠኛ ነዎት?» አዎ። «አሥራ ሰባት ሰዎች ያዝናሉ።» ይዘኑ። «በግማሽ ዋጋ ይቆዩ።» አልቆይም። ከዚያ አንድ ባዶ ሣጥን መጣ፤ ከላዩ «ለምን ጥለውን እንደሚሄዱ ይንገሩን። ቃልዎ ለኛ ክቡር ነው» ይላል።

ነገርኳቸው።

የሚያነበው ሰው ያለ መስሎኝ ነው። አስተዳደጌ ነው፤ የጠየቀ ሰው መልስ ይሰጠዋል፣ በዝምታ አይመለስም። እህትሽ ከሞተች ወዲህ «ምን ነበር? እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም «አይዞህ» ብሎ ያልፋል። ሣጥኑ ግን ጠየቀኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ስለ ማንኪያው፣ ስለ ብርጭቆው። እናንተ ዘንድ የምፈልጋት ሴት የለችም፣ እኔ የምፈልጋት እሷን ነው ብዬ ጨረስኩ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለኝ። በሚቀጥለው ወርም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ባንክ ሄጄ ካርዱን እስካዘጋ ድረስ ቆረጡብኝ።

ለማን እንደጻፍኩት አሁን አልነግርሽም ብዬሽ ነበር። ለዚያ ሣጥን ነው የጻፍኩት። ከሣጥኑ ማን እንዳወጣው ገና አላወቅሁም፤ ሳውቅ ግን ደሜ እንዴት እንደሚፈላ ከአሁኑ ይሰማኛል።

የእህትሽ ባል


ኅዳር 19

ለአስተያየት መስጫ ሣጥን ሆዱን የሚዘረግፍ ሰው አለ? የኛ ሆስፒታል በር ላይም አንድ ተሰቅሏል፤ በዓመት አንዴ ሲከፈት የሚወጣው የማስቲካ ልጣጭ ነው።

ሌላ ሰው ቢለኝ ስቄ እተወው ነበር። አንተ ግን ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው ደጅ አቁመህ ስለ ወገቡ ሕመም የምትጠይቅ ሰው ነህ። ታደርገዋለህ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው፤ ላምንህ ስል እናደዳለሁ፣ ላላምንህ ስልም እናደዳለሁ።

ደግሞ አንዱ ልቤ «ጽኑ ልብ» አለ ይለኛል። ፎቶው ላይ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የአትክልት ቅርጫት ይዟል፣ ዓይኑ ቅን ነው። የድልድይ መሐንዲስ ነኝ ብሎኛል። የማንኪያው ታሪክ የሌላ ሰው መሆኑን አውቄያለሁ ብዬ ብጽፍለት በሁለት ደቂቃ መለሰልኝ፦ «ውዴ፣ በመካከላችን ሰው አታስገቢ።» ቀጥሎ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምወድ ጠየቀኝ። በሰባተኛ ወራችን።

ይህን አንብበህ ትስቅ ይሆናል፤ ሳቅ። እኔ ግን ማስረጃ እፈልጋለሁ። የነገርኩት ነገር ስለ እህቴ የመጨረሻ ቀን ነው። አንተ ከሆንክ «እኔ ነኝ» በለኝና ይብቃ፤ አታንጠልጥለኝ።


ኅዳር 27

ለባለቤቴ እህት፣

አልሳቅሁም። ማስረጃሽ ከዚህ ጋር ታሽጓል፣ መጀመሪያ ግን ደብዳቤዬን አንብቢ።

የክር መጋዘን ኃላፊያችንን ታስታውሻታለሽ፤ በቀብሩ ላይ ጫማዋን ያዋሰችሽ ወፍራሟ ሴትዮ ናት። ምላሷ መርፌ ነው፣ ልቧ ግን ሌላ። ለሷ ነገርኳት።

«አንተ? ድረ ገጽ? የሬዲዮ ጣቢያ መቀየር የማትችለው ሰውዬ?»

«አንቺ ሳቂ፣ እኔ እርዳታ ፈልጌ ነው።»

«ሚስት ከሆነ እዚሁ ሰባ ሁለት መኪና ላይ ሰባ ሁለት ሴት ተቀምጣልሃለች፤ ምን አደከመህ።»

«ሚስት አይደለም የምፈልገው፣ ሌባ ነው።»

«እሱማ ፎቅ ላይ ነው ቢሮው» ብላ ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት ጠቆመች።

በምሳ ሰዓት በራሷ ስልክ ተመዘገበች። ባሏን ያስታመመች መበለት ነኝ ብላ ጻፈች። «ሰውዬውን በቁሙ ገደልኩት፤ ማታ ሲመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ» ትላለች። ምሳዋን ሳትጨርስ ስምንት ወንድ መጣላት። በሦስተኛው ቀን «የባሕር ሰው» የሚባል አንዱ ረጅም መልእክት ላከላት፤ ጭጋጉን ለመግፈፍ ከፍላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ባለቤቴ ድምፅዋ ከጠፋ በኋላ በማንኪያ ብርጭቆ እየመታች…» እየሳቀች ነበር የጀመረችው። ቀና ስትል ፊቴን አየችና ቆመች። የክር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። 

ያሸግሁልሽ ያ መልእክት ነው። ላንቺ ከመጣው ጋር አስተያዪው። ስሙ ሌላ፣ ፎቶው ሌላ፣ ቀኑ ሌላ፤ እኔ ደግሞ መልእክቱ ሲላክ መጋዘን ውስጥ እጄን አጣጥፌ ቆሜ ነበር።

አንቺ ባተምሽው ወረቀት ላይ ያለውን የ«ጽኑ ልብ»ንም ፎቶ በማጉያ አየሁት። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ የሚሰፋው በለባሹ ቀኝ ነው፣ የደረት ኪሱ በግራ። በፋብሪካችን ይህን ስንሠራ ዕድሜዬ አልቋል፣ በሕልሜም አልሳሳትም። የሱ ሁሉም በግልባጩ ነው። ሰው ሸሚዙን ገልብጦ አይሰፋም፤ ፎቶውን ነው በመስታወት እንደሚታይ የገለበጡት፣ የእውነተኛው ባለፎቶ ማንነት እንዳይገኝ። ያ ሽበታም ሰው የትም ይሁን፣ ቅርጫቱን ይዞ ገበያ ሲሄድ ፊቱ ምን እየነገደ እንደሆነ አያውቅም። ዓይኑ ቅን ነው ያልሽው እውነት ነው። ዓይኑ ብቻ ነው የሱ።

ውላቸውን የመጋዘን ኃላፊዋ አነበበችልኝ። አርባ አንድ ገጽ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ «አንዳንድ ገጾች ለደንበኞች መዝናኛ ሲባል በድርጅቱ ሠራተኞች የሚንቀሳቀሱ ናቸው» ይላል። ከሥሩ «ደንበኛው በማንኛውም ሣጥን የሚያስገባው ጽሑፍ የድርጅቱ ንብረት ነው» ይላል። እኔ ይህን ሳላነብ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭኛለሁ። የእህትሽ የመጨረሻ ወራት መዝናኛ ነው። የእህትሽ ማንኪያ ንብረት ነው። አቤት ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በዚያችው ደቂቃ መጣ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ናፍቀውናል። በግማሽ ዋጋ ይመለሱ።»

ጸሎት ላይ ስቆም ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች እረግማለሁ። አፍሬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እዚያው ቦታ ስደርስ ደግሞ እረግማለሁ።

አሁን ላንቺ። ለዚያ ሰው የነገርሽውን እኔ አላውቅም። ብትነግሪኝ እሰማለሁ፣ ባትነግሪኝ አልጠይቅም። ምንም ይሁን ምን እኔ ዘንድ ያለሽን ውለታ አይፍቅም። በዚያች ቀን እኔ ፋብሪካ ሳለሁ እጇን የያዝሻት አንቺ ነሽ። ብቻዋን አልሄደችም። በየማለዳው ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በቀር የማመሰግንበት ያጣሁበት ማለዳም ነበር።

የእህትሽ ባል


ታኅሣሥ 5

ጋሼ፣

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ቃል በቃል ነው፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አመንኩ። እዚህ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ይቅርታውን ለሌላ ስለምፈልገው አሁን አልጨርሰውም።

ወጥቻለሁ። ልወጣ ስል ምን አሉኝ መሰለዎት? «ጽኑ ልብ ሆስፒታል ገብቷል፣ በዚህ ሰዓት ጥለውት ይሄዳሉ?» የትኛው ሆስፒታል፣ የካርድ ቁጥሩ ስንት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ያ የርስዎ ሣጥን መጣ። ሃያ ፊደል ካልሞላሽ አይዘጋም አለኝ። «ሌባ» ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩ፤ ልክ ሃያ ሞላ። ለማን እንደሚልኩት አያለሁ።

አሁን የነገርኩትን ልንገርዎ። ነገ በ«ባሕር ሰው» ስም ለሌላ ሴት ተልኮ፣ ዞሮ ዞሮ ክር መጋዘን ውስጥ ሲነበብ ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት።

እጇን አልያዝኩም።

አራት ቀን አልተኛሁም ነበር፤ ይህን ለምክንያት አይቁጠሩልኝ። ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለቴ መታች። ሰማሁ። አልገባሁም። እርስዎ ከወጡ በኋላ ፊቷ ተለውጦ ነበር፣ እሱን ፈርቼ ነው። ትንሽ ቆይታ ደገመች፤ ሁለቴ። ፎጣውን አጠፍኩት። ዘረጋሁትና እንደገና አጠፍኩት። ከዚያ ወዲያ አልመታችም። ስገባ አልፏል።

እርስዎ ሲመጡ «እጇን ይዣት ነበር» አልኩ። አፌ ነው ያለው። እርስዎም እጄን አንሥተው ሳሙት። ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ባለፈው ደብዳቤዎ ደግሞ በየማለዳው አመሰግናለሁ ይሉኛል። ሦስት ዓመት ተኩል።

ያ ሰው «ሁለቴ ስትመታ አንድም ቀን ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ ካለ በኔ መፍረድ የሚችለው እሱ ነው ብዬ ነው የነገርኩት። ፍርዱን ልንገርዎ? «ውዴ፣ ያለፈው አልፏል። ቀጣዩን መልእክቴን ለማንበብ የወርቅ አባል ይሁኑ።»


ታኅሣሥ 13

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሁን የምጽፍልሽ ቢኖር ነገ የምጸጸትበት ነው፤ ስለዚህ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስንት ሰዓት ነበር?


ጥር 4

ለፍንጭት፣

ስሙን ከልክለሽኛል፤ ዛሬ ፍቀጂልኝ።

«ስምንት ሰዓት ከሩብ።» ሌላ ቃል ሳትጨምሪ የላክሽው ወረቀት ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው።

ንዴቴን ላስቀድም፤ ካልነገርኩሽ የቀረው ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆንብኛል። ተናድጄብሻለሁ። ፈርተሽ ኮሪደር ላይ በመቆምሽ አይደለም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ በሱም ነው። በፎጣው ነው። ሰው እንዴት ፎጣ ያጥፋል እያልኩ ከሥራ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። በምስጋናዬም ነው። በሌለ ነገር ስንት ማለዳ አመሰገንኩ፣ ያ ሁሉ ምስጋና የት ይግባ? ጸሎት ላይ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ዘልዬው ለመቀጠል ሞክሬ አይቻለሁ። አይዘለልም።

ታዲያ ሰዓቱን ለምን እንደጠየቅሁሽ ታውቂያለሽ? ራሴን ነፃ ላወጣ ነው። እኔ የስፌት መስመር ቆሞብኝ ቅባት በቅባት ሆኜ ሳለሁ አንቺ ፎጣ ታጥፊ ነበር ልልሽ ነው። ደብዳቤውን በሐሳቤ ጽፌ ጨርሼዋለሁ፤ ሰዓቱ ብቻ ነበር የቀረኝ።

የጥገና መዝገብ አለን፣ አሮጌዎቹ ክር መጋዘን ተከምረዋል። የዚያን ቀኑን አወጣሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «ሦስተኛው መስመር ተጠግኖ ተነሥቷል፣ አራት ሰዓት ከሃያ» ይላል። ከፋብሪካ የወጣሁት ዘጠኝ ሰዓት ነው። መዝገቡን ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ እንደማላውቀው ሆኜ ኖርኩ እንጂ። በመካከል ያለውን ሰዓት ዘይት የማይፈልግ መኪና ዘይት ስቀባ ነው የዋልኩት። አለቃዬ «ሂድ እንጂ፣ ሚስትህ ታማለች አይደል?» አለኝ። «ትንሽ ይቀረኛል» አልኩት። ምንም አልቀረኝም።

ቤትም ቢሆን እንደዚያው ነበር። እህትሽ የተኛችበት ክፍልና የኔ መሥሪያ ጓዳ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ማንኪያው ሁለቴ ሲመታ ጨርቅ የሌለበትን መኪና አስነሥቼ በባዶ አስኬደው ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። ከአንዴ በላይ ግን ነው፣ ከአሥሬም በላይ ነው። ኋላ ስገባ «አልሰማሁሽም፣ መኪና ላይ ነበርኩ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ ሃያ ዓመት ከመኪና ጠጋኝ ጋር የኖረች ሴት ናት፤ የሚሰፋ መኪናና በባዶ የሚሄድ መኪና በድምፅ እንደሚለዩ ጠንቅቃ ታውቃለች። ትሰማኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

«አንድም ቀን ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም።» ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠራተኞቻቸው አልጨመሩትም። ማንም በማያውቀኝ ቦታ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቁጭ ብዬ ራሴን አሳምሬ ጻፍኩ፣ አምሬም ስለታየኝ አለቀስኩ። እነሱ የሰው ፎቶ ገለበጡ፤ እኔ ራሴን ገለበጥኩ። ካወጡት ጽሑፍ ሁሉ አንቺን የወጋሽ ያ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ውሸቱም እሱ ብቻ ነው። ራስሽን የኮነንሽው በሌለ ሰው ፊት ነው ፍንጭት። ድልድይ ሠሪው ብቻ አይደለም የሌለው። ሁለቴ ሲመታ ሁልጊዜ የሚሄደውም ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅ።

ሌቦቹን አልተውኳቸውም። የደንበኞችን አቤቱታ ወደሚሰማው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የመጋዘን ኃላፊዋ ምስክር ሆና ፈርማለች፣ «ባሌ ከሞት መነሣቱም ይጻፍልኝ» ብላለች። የሸሚዙን ቁልፍ፣ ገጽ ሠላሳ ሦስትን፣ ሰርዤ እያለሁ የቆረጡብኝን ጻፍኩ። የእህትሽን ነገር አልጻፍኩም። ቅጹ ሥር «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ቦታ ነበረው፤ በሰረዝ ዘጋሁት።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና አልደረስኩበትም፣ ሳልደርስ ደረስኩ ማለት ከእንግዲህ ይበቃኛል። እኔንም ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ የሷን ይቅርታ አንቺ ልትሰጪኝ አትችዪም። የማውቀው እሷን ሁለታችንም እንደሸሸናት፣ ከዚያም አንቺ ለኔ፣ እኔ ለሣጥን መዋሸታችንን ነው። የሚያውቅሽ ሰው እኔ ነኝ፣ የሚያውቀኝም አንቺ ነሽ፤ ሌላ ዘመድ ከየት እናመጣለን?

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ቤት ለማሰናዳት አትድከሚ። ንዴቴ አልበረደም፣ ይዤው ነው የምመጣው። አንቺም ያንቺን ለእንግዳ ብለሽ አትደብቂው። ቁጭ ብለን እንቆጣለን።

የእህትሽ ባል